ጥርት ያለ ሬዲዮ አያስተምርም፦ የአየር ድጋፍ ልምምድ በወሎ ተራሮች ላይ

በኮምፒውተር የሚበሩ ተዋጊ አውሮፕላኖች የት እንደደረሱ ለማወቅ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል። የደመናው ጥላ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁልፍ ይሠራል፤ አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ክንፉ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኋላ የቀረው ሬዲዮው ነው። ምድር ላይ ሆኖ አብራሪውን የሚመራው ተቆጣጣሪ በጨዋታው ውስጥ ድምፁ አይሻክርም፣ ሮጦ አያለከልክም፣ ቁጥር አያምታታም፣ ባትሪ አያልቅበትም። የተጠየቀውን ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አድርጎ ይናገራል።

በጨዋታ የሚደረገው የአየር ድጋፍ ልምምድ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እነዚህን ጨዋታዎች ይዘው የሚያመሹ ወጣቶች ሲያወሩ ብትሰሙ ወሬው ስለ ሞተር ኃይል፣ ስለ ሚሳኤል ዓይነት፣ ስለ ፍጥነት ነው። ስለ ንግግሩ የሚያነሣ አይገኝም። የዚህ ዓይነቱ በረራ የአደጋ ታሪክ ሲገለጥ ግን ብዙውን ጊዜ አውሮፕላኑ ደኅና ነበር፤ መሣሪያውም የታዘዘበት ቦታ ነው የወደቀው። የተበላሸው ከዚያ በፊት፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ነው።

ጉዳዩ ለወሎ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶግራፍም የዚያን ጊዜ ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ደግሞ «ድሮን» የሚለው ቃል ሕፃን ሽማግሌ ሳይል የሁሉም መነጋገሪያ ሆነ። ከላይ ያለውና ከታች ያለው ምን ተባብለው ነው አንድ ነገር ከሰማይ የሚወርደው ብሎ መጠየቅ ለዚህ ሕዝብ ቅንጦት አይሆንም።

የቅርብ የአየር ድጋፍ የሚባለው አውሮፕላን ከወገን ጦር አጠገብ ያለን ዒላማ የሚመታበት ሥራ ነው። ቁም ነገሩ ያለው «አጠገብ» የሚለው ላይ ነው። ድልድይ ወይም መጋዘን ሊመታ የሚሄድ አብራሪ ዒላማውን ከመነሣቱ በፊት በካርታ አጥንቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ወገንና ባላጋራ በጥቂት መቶ ሜትሮች ተራርቀው ይተኳኮሳሉ፤ አብራሪው ደግሞ ማን የት እንዳለ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ምድር ላይ ያለ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው ያስፈልገዋል። በኔቶ አባል አገሮች ይህ ሰው ጄታክ ይባላል። ያለ እሱ ቃል አብራሪው ቁልፉን አይነካም።

ሁለቱ የሚነጋገሩት እንደመጣላቸው አይደለም። ዘጠኝ መስመር ያለው አንድ የታወቀ ቅጽ አለ፤ ቅደም ተከተሉም አይለዋወጥም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች አብራሪው ከየት እንደሚነሣ፣ በየትኛው አቅጣጫና ስንት ርቀት እንደሚበር ይነግሩታል። አራተኛው የዒላማው ከፍታ፣ አምስተኛው የዒላማው ምንነት፣ ስድስተኛው የሚገኝበት ቦታ ነው። ሰባተኛው ዒላማው በምን ምልክት እንደሚለይ፣ ስምንተኛው ወገን የት እንዳለ፣ ዘጠነኛው አብራሪው በየት በኩል እንደሚወጣ ይገልጻል። ከዚያ ገደቦች ይከተላሉ፤ ለምሳሌ «ከዚህ አቅጣጫ ብቻ ግባ» ወይም «ከዚህ ሸንተረር ማዶ አትለፍ» የሚሉ። መስመሮቹ ቁጥራቸው እየተጠራ አይነገርም፤ ቅደም ተከተሉን ሁለቱም በቃላቸው ስለሚያውቁት መረጃው ብቻ፣ በአንድ ትንፋሽ ከሦስት የማይበልጥ እየሆነ፣ ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ አብራሪው ቃል በቃል መልሶ መናገር ያለበት ቢያንስ ከፍታውን፣ ቦታውንና ገደቦቹን ነው። «ገባኝ» ማለት አይበቃም። ቁጥሩን ከራሱ አፍ ማውጣት አለበት፤ ተቆጣጣሪውም ጆሮውን ሰጥቶ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር አለበት። ከገደል ማዶ ለማዶ የሚጠራራ ገበሬም መልእክቱን ሳያስደግም አይለቅም። ከባዱ ክፍል መድገሙ አይደለም፤ የተደገመውን መስማት ነው። ተቆጣጣሪው ቁጥሩን አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ ጆሮው የሚሰማው ራሱ ያለውን ነው፤ አብራሪው ሌላ ቢልም «ትክክል» ብሎ ያልፋል።

ከፍታው ለምን ከሚደገሙት ውስጥ እንደገባ ለሜዳ አገር ሰው ማስረዳት ጊዜ ይወስድ ይሆናል። ለወሎ ሰው አይወስድም። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,860 ሜትር ላይ ነው፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በቦታ መለኪያ ቁጥር ተመርቶ የሚወርድ ቦምብ በተሳሳተ ከፍታ ከተላከ አየር ላይ አይቆምም፤ በያዘው አቅጣጫ መሬት እስኪያገኝ ይቀጥላል። በ45 ዲግሪ የሚወርድ ከሆነ የ100 ሜትር የከፍታ ስህተት 100 ሜትር አርቆ ይጥለዋል። ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ካለ ስህተቱ ወደ 173 ሜትር ያድጋል። በወሎ ደጋ 100 ሜትር ማለት ከማሳው ተነሥቶ ከላይ ያለው መንደር መድረስ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የመለኪያው ነገር አለ። አቪዬሽን ከፍታን በጫማ ይቆጥራል፣ እኛ በሜትር። የኮምቦልቻን 1,860 ሜትር አንዱ ቁጥሩን ብቻ ቢናገርና ሌላው በጫማ ቢቀበለው ወደ 567 ሜትር ይሆናል፤ ከመሬት በታች ከ1,200 ሜትር በላይ ገባን ማለት ነው። እንዲህ የገዘፈ ስህተት አብራሪውን ስለሚያስደነግጠው ይታረማል። የሚያስፈራው የማያስደነግጠው፣ ትንሹ ነው።

ስለ ቦታ ማመልከት ደግሞ አንድ ምሳሌ እንይ። የልምምዱን መሬት ሐይቅ አካባቢ እናድርገው። የሚፈለገው አንድ የቆመ የጭነት መኪና ነው፤ ቦምብ የለም፣ መኪናውን አግኝቶ ማሳየት ብቻ ነው ሥራው። ምድር ያለው ተቆጣጣሪ የጥሪ ስሙ ጦሳ፣ የአብራሪው ጭልፊት ይሁን።

«ጭልፊት፣ ጦሳ ነኝ። ሐይቁ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«ከዳርቻው ወደ ውኃው የገባ፣ ዛፍ የሸፈነው ልሳነ ምድር አለ። ስታገኘው ንገረኝ።»

«ዛፍ አያለሁ። ልሳነ ምድር አልታየኝም።»

ጀማሪ ተቆጣጣሪ እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ ይደግማል። ያኔ አብራሪው መተባበር ስለሚፈልግ ብቻ ልሳነ ምድር የሚመስል ነገር ፈልጎ «አገኘሁ» ይላል። የሠለጠነው ግን ጥያቄውን ይለውጣል።

«ስንት ሐይቅ ይታይሃል?»

«አንድ።»

«ወደ ሰሜን ተመልከት። ሌላ፣ ተለቅ ያለ ሐይቅ አለ።»

አብራሪው ያየው አርዲቦን ነበር። በአካባቢው ሁለት ሐይቆች እንዳሉ ያገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በማወቁም ምክንያት መናገሩን ይረሳል። ተቆጣጣሪው «ሐይቁ» ሲል እሱ የሚያውቀውን አንዱን ነው፤ አብራሪው ሲሰማ ደግሞ መጀመሪያ ዓይኑ የገባውን። ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ተላልፈዋል። ከትልቅ ምልክት ወደ ትንሽ መውረድ የሚባለው ዘዴ የሚሠራው ትልቁ ምልክት አንድ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ነው። ሌላም አለ፤ ልሳነ ምድሩ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ከሰማይ ለማመልከት እጅግ የሚመቸው ምልክት በምንም ዓይነት ሊነካ የማይገባው ስፍራ ነውና «ይህ መነሻ ነው፣ ዒላማ አይደለም» የሚለው በገደቦቹ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት።

ለዚህ ሲባል «አየሁ» የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ለብቻው አይነገርም። የተጠቆመውን ምልክት ማየት «ኮንታክት»፣ ዒላማውን ማየት «ታሊ»፣ ወገንን ማየት «ቪዥዋል» ነው። ዒላማ ያልታየው «ኖ ጆይ» ይላል፣ ወገን ያልታየው «ብላይንድ»። ወጣቶቹ እነዚህን ቃላት ይወዷቸዋል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማጣፈጫ ነው የሚጠቀሙባቸው። በወገንና በዒላማ መካከል ያለውን ልዩነት በቃሉ ውስጥ ስለሚሸከሙ ግን ያለ ቦታቸው መነገራቸው ጥፋት ነው።

አሁን ወደ እውነተኞቹ አደጋዎች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2001 አፍጋኒስታን ውስጥ ከአንድ ቢ-52 የተጣለ 2,000 ፓውንድ ቦምብ የወደቀው በጠሪዎቹ ላይ ነበር። ሦስት የአሜሪካ ወታደሮችና አብረዋቸው የነበሩ አፍጋኖች ሞቱ፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሐሚድ ካርዛይም ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። የዒላማውን ቦታ የያዘው የጂፒኤስ መሣሪያ ባትሪው ተለወጠ፤ እንደገና ሲበራ የሚያሳየው የራሱን ቦታ ነበር። ያ ቁጥር ተላከ። ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለውን ቁጥር አብራሪ መልሶ በትክክል ሊደግመው ይችላል። መድገም የሚይዘው የመስማት ስህተትን እንጂ የምንጭ ስህተትን አይደለም። ይህን የሚይዘው ስድስተኛውንና ስምንተኛውን መስመር፣ ማለትም የዒላማንና የወገንን ቦታ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2003 ደግሞ ኢራቅ ውስጥ ባስራ አጠገብ ሁለት ኤ-10 አውሮፕላኖች የእንግሊዝ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን መቱ፤ አንድ ወታደር ሞተ። ተሽከርካሪዎቹ የወገን መለያ የሆነውን ብርቱካናማ ጨርቅ ለብሰው ነበር። አብራሪዎቹ ብርቱካናማውን አይተውታል፤ ሮኬት ነው ብለው ተረጎሙት እንጂ። በአካባቢው ወገን የለም የሚል መልስ በሬዲዮ ስለተሰጣቸው ዓይናቸው ያየውን ለሰሙት አስገዙት።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 2014 በአፍጋኒስታን ዛቡል ግዛት ቢ-1 አውሮፕላን የገዛ ወገኑን መትቶ አምስት አሜሪካውያንና አንድ አፍጋናዊ ሞቱ። ምድር ላይ ያሉት ወታደሮች በሌሊት ለመታወቅ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም በባዶ ዓይን የማይታይ፣ ብልጭታ ያበሩ ነበር፤ የአውሮፕላኑ መመልከቻ ግን ያንን ብልጭታ ማየት የማይችል ዓይነት ነበር። ብልጭታ አለመታየቱ «እዚያ ወገን የለም» ተብሎ ተተረጎመ። «አላየሁም» እና «የለም» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች መሆናቸውን በደም ያስተማረ ቀን ነው።

እዚያው አፍጋኒስታን ውስጥ፣ በኩንዱዝ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2015 የሆነው ይበልጥ ያሳስበኛል። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሆስፒታል ተመትቶ 42 ሰዎች ሞቱ። የአውሮፕላኑ ሠራተኞች የተሰጣቸውን የቦታ ቁጥር ሲያስገቡ መሣሪያው ባዶ ሜዳ አሳያቸው። ስለዚህ በቃል ከተነገራቸው መግለጫ ጋር የሚመሳሰል ትልቅ ሕንፃ በአቅራቢያ ፈለጉ፤ አገኙም። ቁጥሩና መግለጫው ሲጣሉ ሥራውን አቁሞ «አልተግባባንም» ማለት ሲገባ፣ የሚመቸው ተመረጠ። ዛሬ ድሮንና የቀጥታ ምስል ስላለ ሬዲዮው ጊዜው አልፎበታል የሚሉ ሰዎች አሉ። ኩንዱዝ ላይ ምስል ነበር። ያልነበረው የሚታየው ምን እንደሆነ መግባባት ነው።

ልምምዱን በአማርኛ ለሚያደርግ ሰው ደግሞ የራሱ ወጥመዶች አሉት። መጀመሪያ ሬዲዮ ራሱ። የመናገሪያው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ንግግር የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ይቆረጥበታል። በአማርኛ ደግሞ አፍራሹ ያለው መጀመሪያ ላይ ነው። «አትተኩስ» ከተባለ «አት» ሊቀርና «ተኩስ» ብቻ ሊሰማ ይችላል። ከዚህ የከፋ የሬዲዮ ቃል አላውቅም። ስለዚህ ፈቃዱና ክልከላው አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ መሆን የለባቸውም፤ ፈጽመው የማይመሳሰሉ ቃላት መሆን አለባቸው። ሲቪል አቪዬሽን ይህን የተማረው በስፔኗ ደሴት በቴኔሪፍ ከደረሰው አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ «መነሣት» የሚለው ቃል ከቁርጥ ያለ ፈቃድ ውጭ እንዳይነገር ተወሰነ። በአየር ድጋፍም ማስቆሚያው «አቦርት» ነው፤ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ አንዱ ቢቆረጥ ሁለቱ ይደርሳሉ። በአማርኛ የሚለማመዱት «አቋርጥ፣ አቋርጥ፣ አቋርጥ» ቢሉ ይሠራል፤ «ምታ» እና «አትምታ» ግን ከዛሬ ጀምሮ ቢቀሩ እመርጣለሁ።

ቁጥሮቹም አሉ። ሰላሳና ስልሳ በሚንጫጫ ሬዲዮ ላይ መንትያ ናቸው፤ ሰባትና ሰባም እንዲሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ሦስት ዜሮ»፣ «ስድስት ዜሮ» እያሉ ቁጥር በቁጥር መናገር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በተመሳሳይ ምክንያት ዘጠኝን «ናይነር» ይላሉ፤ የሚሳቅበት ነገር አይደለም።

ስለ ሰዓት ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፈረንጁ አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓቶች በአንድ ሬዲዮ ላይ ቢደባለቁ ጉድ ነው። ነገር ግን ዒላማው ላይ የሚደረስበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ብቻ ይነገራል፤ «በ35» ይባላል። ደቂቃው በሦስቱም አቆጣጠር አንድ ነው። የቀረው ሰዓቶቹን በሴኮንድ ማስተካከል ነው።

የወሎ መልክዓ ምድር ራሱ አንድ ትምህርት ቤት ነው። የዚህ ሥራ ሬዲዮዎች በአመዛኙ የሚሠሩት ሁለቱ አንቴናዎች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ነው። ሜዳ ላይ ከሆነ በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊሰማ ይችላል። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ላለ ሰው ግን አውሮፕላኑ ከሸንተረሩ ጀርባ ሲገባ ንግግሩ በመሃል ይቆረጣል። ጥያቄው የቱ ላይ ነው የሚቆረጠው የሚለው ነው። ፈቃዱ ተሰጥቶ አውሮፕላኑ ለመጨረሻው ቁልቁለት ሲዞር ሸንተረሩ ከጋረደው፣ «አቋርጥ» የሚለው ቃል የሚሰማው የለም። ስለዚህ የመግቢያው አቅጣጫ ሲመረጥ ፀሐይና ንፋስ ብቻ ሳይሆን ሬዲዮው እስከ መጨረሻው ሴኮንድ የሚደርስበት መንገድ መሆኑም መታየት አለበት። ሲምፕል ሬዲዮ በመባል የሚታወቀው፣ ዲሲኤስ የተባለው የበረራ ጨዋታ ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ተጨማሪ ፕሮግራም ይህን የመጋረድ ባሕርይ ማስመሰል ይችላል። ብዙዎች ግን «ያስቸግራል» ብለው ያጠፉታል። የሚያስተምረውን ክፍል ነው ያጠፉት።

የእውነተኛ ሠራዊት ልምምድ ቢያንስ በአንድ ነገር ከጨዋታው ይሻላል። መሣሪያ በማይጣልበት ዙር ላይ «ኮንቲኒው ድራይ» የሚል የተለየ ቃል አለ፤ ግባ፣ ነገር ግን ምንም አትጣል ማለት ነው። «ክሊርድ ሆት» የሚለው ለእውነተኛው ዙር የተጠበቀ ነው። በጨዋታ የለመደ አፍ ግን ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይላል፤ የመፍቀድ ልማድ ብቻ እየሠለጠነ፣ የመከልከል ልማድ ሳይሠለጥን ይቀራል።

ይህ ንግግር ለጦርነት ብቻ እንደማይሆንም ይታወቅ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖች መኪና በማይደርስባቸው የሰሜን ደጋዎች ላይ እህል ያለ ፓራሹት፣ በጣም ዝቅ ብለው ይጥሉ ነበር፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ለምድሩ ሥራ ይረዷቸው ነበር። በዚያ ፍጥነት የሚወርድ ጆንያ ሰው ይገድላል። የተራበ ሕዝብ ደግሞ ወደ እህሉ መሮጡ አይቀርም። ምድር ላይ የቆመው ሰው ሜዳው ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ «ጣል» ማለት አይችልም፤ አንድ ሕፃን ቢሮጥ ደግሞ ለማስቆም ያለው የጥቂት ሴኮንዶች ዕድል ነው።

ልምምዱን ለማሻሻል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ለጀርባ ሰጥተው ይቀመጡ፤ አንዱ የሳተላይት ምስል፣ ሌላው የወረቀት ካርታ ይያዝ። ሦስተኛው በጎን ሆኖ ጫጫታ ያሰማ፣ ንግግር በመሃል ያቋርጥ፣ አንድ ቁጥር ሆን ብሎ ያበላሽ። ካርታው ላይ ሰው ይኑርበት፤ ቀኑ ሰኞ ከሆነ ባቲ፣ እሑድ ከሆነ ሰንበቴ ገበያ እንደሚውሉ ተቆጣጣሪው ሳይነገረው ያስታውስ። የነጥብ አሰጣጡም ይለወጥ። በጨዋታዎቹ ላይ ነጥብ የሚገኘው በመምታት ነው፤ ሳይመታ የተመለሰ አብራሪ ዜሮ ያገኛል። እኔ ብሆን ከዐሥር ዙር ሦስቱን ትክክለኛ መልሳቸው «አቋርጥ» እንዲሆን አድርጌ አዘጋጅ ነበር፤ የትኞቹ ሦስቱ እንደሆኑም ለማንም አልናገርም። በእነዚያ ዙሮች ላይ ሙሉ ነጥቡ የሚሰጠው መጀመሪያ ለተጠራጠረው ሰው ነው፤ አብራሪም ይሁን ተቆጣጣሪ።